ከረንና ምጽዋ በባዕድ ሰንደቅ ላይ፦ የጄኔራል ራልፍ ሞንክላር የሕይወት ታሪክ

በጅቡቲ ከተማ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር፣ ስሙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የእባብ አምባ» ማለት ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የፈረንሳይ ሹማምንትና የጦር መኮንኖች የባሕሩን ነፋስ ፈልገው ቤት ሠርተው የኖሩት በዚሁ አካባቢ ነበር። በዚያው ከተማ ከ1962 እስከ 2011 ድረስ የሰፈረ አንድ የፈረንሳይ ጦር ነበር፤ 13ኛው የባዕዳን ሌጌዎን ግማሽ ብርጌድ ይባላል። የሰፈሩ ስም ሞንክላር ነበር። የዚህን ጦር ሰንደቅ ዓላማ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በላዩ ከተጠለፉት የጦር ሜዳ ስሞች መካከል አንዱ ከረንና ምጽዋ፣ 1941 የሚል መሆኑን ያነባል። ለአማርኛ አንባቢ ሁለቱም ስሞች እንግዳ አይደሉም። በፈረንሳይ ሰንደቅ ላይ መገኘታቸው ግን የሚያስጠይቅ ነው።

የወታደራዊ ዓርማና ምልክት ጥናት ለብዙ ሰው የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ ይታያል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ በኋላ በጀርመን አገር የተቋቋሙት የወዶ ዘማች ጦሮች የተዉአቸው የክንድና የአንገትጌ ምልክቶች ዛሬም ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ ይተላለፋሉ። ከእነዚያ ጦሮች አንዱ፣ የባሕር ኃይል መኮንኑ ኤርሃርት ይመራው የነበረው ብርጌድ፣ የጥንት የሰሜን አገር መርከበኞችን ጀልባ ዓርማው አድርጎ ነበር። ምልክቱን ብቻ ለተመለከተ ሰው የሚያምር ጌጥ ነው። ጦሩ በማርች 1920 በርሊን ገብቶ ሕዝብ የመረጠውን መንግሥት ሊገለብጥ የተነሣ መሆኑን፣ ከእነዚያ ወዶ ዘማቾችም ብዙዎቹ ኋላ የሂትለር ተከታዮች ሆነው መገኘታቸውን ግን ጀልባዋ አትናገርም። ስለዚህ እኛም የ13ኛውን ግማሽ ብርጌድ ሰንደቅ በተመለከትን ጊዜ ጥልፉን ትተን ጥልፉን ያስገኘውን ሰው መከተል መረጥን።

ራልፍ ሞንክላር የልደት ስሙ አይደለም። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1892 በቡዳፔስት ከተማ ሲወለድ የወጣለት ስም ራውል ማግረን ቬርነሬ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያደገው በፈረንሳይ ነው። ገና በ15 ዓመቱ ከቤቱ ኮብልሎ በባዕዳን ሌጌዎን ልቀጠር ብሎ ቢሄድ፣ ዕድሜው አልደረሰም ተብሎ ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ። ይህ ሌጌዎን ፈረንሳይ አልጀሪያን መውረር በጀመረችበት ዘመን፣ በ1831፣ የተቋቋመና ወታደሮቹን ከየአገሩ የሚሰበስብ ጦር ነው። ተቀጣሪው በሌላ ስም ሊገባ ይችላል፤ ያለፈ ሕይወቱም በቀድሞው ዘመን እምብዛም አይጠየቅም ነበር። ልጁ የተመኘው ይህንን ነበር ማለት ይቻላል፤ በመጨረሻም እንደ ምኞቱ በሌላ ስም ሞተ።

በ1912 ሳን ሲር ከሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ ተነሣና ከትምህርት ወደ ምሽግ ወረደ። አራቱን ዓመት በሙሉ በእግረኛ ጦር ውስጥ ሲዋጋ ሰባት ጊዜ ቆሰለ፤ አሥራ አንድ ጊዜም በጀግንነቱ ስሙ በጦሩ የትእዛዝ ወረቀት ላይ ተጠቅሶ ተመሰገነ። ከጦርነቱ የወጣው የሻምበልነት ማዕረግና የአካል ጉዳተኝነት ማስረጃ ይዞ ነው። ሌላው ሰው ቢሆን ጡረታውን እየተቀበለ በሰላም ይኖር ነበር። እርሱ ግን ወደ ሌጌዎኑ ገብቶ በሞሮኮና በሶርያ ምድር ዓመታትን አሳለፈ። በዚህ ክፍል ላይ ብዙ አንቆይም፤ ሕዝቦች ነፃነታቸውን ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ ጥይት በነበረባቸው አገሮች የቅኝ ገዥ ጦር መኮንን ሆኖ አገልግሏል ማለት ይበቃል።

ስሙን ያስጠራው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1940 መጀመሪያ ላይ በሰሜን አገር በረዶ ውስጥ የሚዋጋ ጦር እንዲያቋቁም ታዘዘና 13ኛውን ግማሽ ብርጌድ አደራጀ። በጦሩ ውስጥ በፍራንኮ ተሸንፈው አገራቸውን የለቀቁ የስፔይን ሪፐብሊካውያን በብዛት ነበሩ፤ ከሂትለርና ከሙሶሊኒ የሸሹ ጀርመኖችና ኢጣሊያኖችም ነበሩበት። ከመኮንኖቹ መካከል የጆርጂያው ልዑል አሚላክቫሪና ኋላ በቢር ሐኬም ጦርነት ዝነኛ የሆነው ኮኒግ ይገኙባቸዋል። ይህ ጦር በሜይ 13 ቀን 1940 በኖርዌይ ጠረፍ ቢየርክቪክ ላይ ወርዶ፣ በ28 የናርቪክን ከተማ ያዘ። ድሉ ዕድሜ አልነበረውም። ፈረንሳይ ራስዋ በጀርመን እግር ሥር ወደቀችና ጦሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ።

በዚያም እያንዳንዱ ወታደር እንዲመርጥ ተጠየቀ። ከጦሩ ወደ 900 የሚሆኑት ከጄኔራል ደ ጎል ጋር ሆነው ትግሉን ለመቀጠል ሲወስኑ፣ የቀሩት ወደ ሞሮኮ ተመለሱ። ኮሎኔሉ ከቆራጦቹ ጋር ቆመ። በፈረንሳይ የቀሩት ቤተ ሰዎቻቸው እንዳይጠቁባቸው ብዙ መኮንኖች ስማቸውን ይለውጡ ነበርና፣ እርሱም በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከምትገኝ መንደር ስም ወስዶ ሞንክላር ተባለ። የነፃይቱ ፈረንሳይ ወታደሮች ከናዚዎቹ ጠማማ መስቀል ጋር የሚወዳደር ምልክት ያስፈልገናል ብለው ባለ ሁለት አግዳሚውን የሎሬን መስቀል ዓርማቸው አደረጉ። ይህ ዓርማ በዚያን ጊዜ ባለሥልጣን አልነበረውም፤ በቪሺ የተቀመጠው መንግሥት በክህደት ይቆጥረው ነበር።

ከዳካርና ከካሜሩን በኋላ የሞንክላር ሰዎች አፍሪቃን በመርከብ ዞረው በ1941 መጀመሪያ ወደ ሱዳን ጠረፍ ደረሱ። እዚህ ላይ የጅቡቲን ነገር ማስታወስ ይገባል። የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ በዚያን ጊዜ በቪሺ መንግሥት ሹም በኑዋይኤታስ እጅ ነበር። ደ ጎልን ለመከተል የፈለገው የጦር አዛዡ ጄኔራል ለዣንቲዮም በ1940 በጋ ወራት ከተማዋን ትቶ ለመውጣት ተገድዷል። እንግሊዞች በባሕርም በየብስም መንገድ ዘግተውባት የጅቡቲ ሕዝብ እስከ 1942 መጨረሻ በረኃብ ተቀጥቷል። በረኃቡ የተጎዳው ደግሞ ከቪሺና ከለንደን አንዱን ምረጥ ተብሎ ያልተጠየቀው ድኻ ነበር። ከቀይ ባሕር በአንደኛው ወገን የሎሬን መስቀል፣ በሌላው የማርሻል ፔታን ሥዕል፤ ሁለቱም ግን ስለ ፈረንሳይ ክብር ይናገሩ ነበር።

የሞንክላር ብርጌድ ከሰሜን በኩብ ኩብ መንገድ ወደ ከረን ወረደ። በከረን ተራሮች የኢጣልያ ጦር ከፌብሩዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች 27 ድረስ በብርቱ ተከላክሏል። ዋናውን ሸክም የተሸከሙት የሕንድና የእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች ሲሆኑ፣ ፈረንሳውያኑ በሰሜን በኩል ባለው ገደላማ ምድር ጠላትን ይወጥሩ ነበር። ከኢጣልያ ጥቁር ሸሚዝ ፊት የቆሙት ከሙሶሊኒ የሸሹ ኢጣሊያኖችና በጓዳላሃራ ድል ያዩ ስፔይኖች መሆናቸው የታሪክ ምጸት ነው። ከረን ወደቀ፤ አሥመራ በኤፕሪል 1 ተያዘ፤ ምጽዋ ብቻ ቀረ። በኤፕሪል 8 ቀን ሌጌዎኑ የሞንኩሎንና የኡምቤርቶን ምሽጎች ይዞ ወደ ከተማዋ ገባ። አድሚራል ቦኔቲን የማረከው ሞንክላር እንደሆነ የፈረንሳይ ጦር ታሪክ ይመሰክራል። ወደ 10,000 የሚጠጋ ምርኮ ተሰበሰበ፤ ወደቡ ግን ኢጣሊያኖች ራሳቸው ባሰጠሟቸው መርከቦች ተደፍኖ ተገኘ።

በሰንደቁ ላይ የተጠለፉት ሁለት ስሞች የመጡት ከዚህ ነው። በከረን ዳገት ላይ ግን ጥልፉ የማያነሣቸው ሙታን ወድቀዋል። ፋሺስቶች አስካሪ ብለው የመለመሏቸው የኤርትራ ልጆች በሺህ በሚቆጠሩ አጥንቶቻቸው ያንን ተራራ ሸፍነዋል፤ ጦሩ ሲፈታም ብዙዎች የያዙትን ጠመንጃ እየጣሉ ወደየመንደራቸው ሄደዋል። አገሪቱን የተረከበው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሆኖ እስከ 1952 ቆየ። ፋሺዝምን ለመስበር የተደረገውን ተጋድሎ አናቃልልም፤ ምሥራቅ አፍሪቃ ከሙሶሊኒ የተገላገለችበት ጦርነት ነውና። ነገር ግን ነፃ አውጪው ራሱ ቅኝ ገዥ ሲሆን ነፃነቱ የሚደርሰው እስከ የት ነው? ይህንን ጥያቄ የሞንክላር ቀጣይ ሕይወት ደጋግሞ ያነሣዋል።

ሁለት ወር ሳይሞላ ጥያቄው በሌላ መልክ መጣ። በጁን 1941 እንግሊዞችና የነፃይቱ ፈረንሳይ ጦር በቪሺ እጅ ወደነበረችው ሶርያ ሲዘምቱ፣ ሞንክላር በፈረንሳውያን ላይ አልዋጋም ብሎ አዛዥነቱን ተወ። በዚያ በኩል የሚጠብቀው ጦር ከሌጌዎኑ የወጣ፣ የእርሱኑ ዓርማ የለበሰ ነበርና። ይህ ውሳኔ ማዕረግና ዝና አስቀርቶበታል፤ ቢር ሐኬምም በሌሎች ስም ተመዘገበ። የወንድሙን ደም አላፈስስም ያለ ሰው ሊከበር ይገባዋል። ይሁን እንጂ በሞሮኮና በሶርያ ሲያገለግል የዚያን አገር ሰው ወንድም ብሎ ለመቁጠር እንዲህ ያለ ጭንቀት እንደያዘው የሚያሳይ ነገር በታሪኩ አላገኘንም።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ የሌጌዎኑ ተቆጣጣሪ ሆነ። ሌጌዎኑ በእነዚያ ዓመታት መልኩ ተለውጦ ነበር። ትናንት የሂትለርን ዓርማ የለበሱ ጀርመኖች፣ ሥራም አገርም አጥተው፣ በብዛት ይቀጠሩ ነበር። መልማዮቹ ኤስ ኤስ የተባለው ጦር አባሎች በብብታቸው አጠገብ የሚነቀሱትን የደም ዓይነት ምልክት እየፈለጉ መመለስ ነበረባቸው፤ ምልክቱን በእሳት ያጠፉም ነበሩ። ያ ሁሉ ወዶ ዘማች ወደ ኢንዶቺና ተላከ። በ1940 ከናዚዎች ሸሽተው የገቡትን ያቀፈው 13ኛው ግማሽ ብርጌድ፣ በ1954 በዲየን ቢየን ፉ የቬትናምን ሕዝብ ሲወጋ በከፊል ተደመሰሰ።

ሞንክላር በዚያ አልነበረም። በ1950 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ወደ ኮሪያ ሲላክ ፈረንሳይ አንድ ሻለቃ ወዶ ዘማች ለማዋጣት ወሰነች። የ58 ዓመቱ ጄኔራል ልምራው አለ። ሻለቃ ጦር በጄኔራል አይመራም ቢባል ኮከቦቹን ፈትቶ፣ ወርቅና ብር እየተፈራረቁ የሚታዩበትን የሌተና ኮሎኔል አምስት ሰረዝ ለበሰ። የማዕረግ ምልክት ለሚያጠና ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለንም፤ ሰው ሁሉ ኮከብ ሲጨምር ይህ ሰው ቀነሰ። በኖቬምበር 1950 ፑሳን ወደብ የደረሰው ሻለቃ ከአሜሪካ 2ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ፣ በኮከብ ላይ የተሣለውን የቀይ ሕንዳዊ ራስ በትከሻው አደረገ። በፌብሩዋሪ 1951 በቺፕዮንግ ኒ ተከብበው ሦስት ቀን ሲዋጉ፣ አሮጌው አዛዥ ቤሬታውን ደፍቶ፣ በምርኩዝ እያነከሰ በምሽጉ መካከል ይመላለስ ነበር። ወታደሮቹ የእጅ ሳይረን እያስጮኹ በሳንጃ ወጥተው የከበባቸውን የቻይና ጦር መለሱ።

ያ ውጊያ ካበቃ ከሁለት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 1951፣ ከክብር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ለዚያው ጦር ሜዳ በመርከብ ተሳፈረ፤ ሜይ 6 ቀንም ፑሳን ገባ። የምጽዋ ምሽግ የተሰበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ኢትዮጵያውያንና ምጽዋን ከያዘው መኮንን ጋር የዘመቱ ፈረንሳውያን በአንድ ሰንደቅ ሥር፣ በአንድ አገር ተራራ ላይ ዋሉ ማለት ነው። ሞንክላር በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሻለቃው ዕጣ ግን አላማረም። የኮሪያው ጦርነት በ1953 ሲቆም ወታደሮቹ ወደ አገራቸው ሳይሆን ወደ ኢንዶቺና ተወሰዱ፤ በጁን 1954 በማንግ ያንግ መንገድ ላይ ደፈጣ ገብተው አለቁ። ለተባበሩት መንግሥታት ብለው የፈረሙ ወዶ ዘማቾች ለቅኝ ግዛት ሞቱ።

በ1962 ሞንክላር በፓሪስ አንቫሊድ የሚባለው የቁስለኛ አርበኞች መኖሪያ ገዥ ሆኖ ተሾመ። በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለ ጁን 3 ቀን 1964 ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው። በእርሱ ስም በተጠራው የጅቡቲ ሰፈር የሰፈረው ጦር፣ አዛዡ ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጄኔራል ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኝ ነፃነት ይሰጠን ብሎ አደባባይ የወጣ ሕዝብ ገጠመው። ከተማዋ በእሾሃማ ሽቦ ታጠረች፤ ሽቦውን ከሚጠብቁት መካከልም ሌጌዎኑ ነበረበት። ጅቡቲ ነፃነትዋን ያወጀችው ጁን 27 ቀን 1977 ነው። 13ኛው ግማሽ ብርጌድ ከዚያ በኋላ 34 ዓመት ቆይቶ፣ በ2011 ከረንና ምጽዋ የተጠለፉበትን ሰንደቅ ጠቅልሎ ወደ ዐረብ ኤምሬቶች አለፈ።