ጄምስ ክላርክ ማክስዌል

ጄምስ ክላርክ ማክስዌል (ሰኔ 7 ቀን 1823 ዓ.ም. – ጥቅምት 26 ቀን 1872 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁን 13 ቀን 1831 – ኖቬምበር 5 ቀን 1879) የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ኤሌክትሪክን፣ ማግኔትንና ብርሃንን በአንድ ሕግ ሥር ባሰባሰቡት እኩልዮቹ ነው። ከዚህም ሌላ የሰው ዓይን የሚያየው ቀለም በሦስት ቁጥሮች ሊገለጽ እንደሚችል በልኬት ያሳየና በዚሁ መሠረት የመጀመሪያውን ባለሦስት ቀለም ፎቶግራፍ ለተመልካች ያቀረበ ሰው ነው። ዛሬ የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪን፣ የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር፣ እንዲሁም የቪዲዮ አቀናባሪዎች «ላት» የሚሉት የቀለም መቀየሪያ ሰንጠረዥ የሚሠሩት በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ የቀለም ሥራውን ይመለከታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

== ልጅነትና ትምህርት ==

ማክስዌል በኤዲንብራ ከተማ ተወልዶ ያደገው በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ በሚገኘው ግሌንሌር በተባለው የቤተሰቡ ርስት ነው። አባቱ ጆን ክላርክ ማክስዌል የሕግ ባለሙያ ቢሆንም ለማሽንና ለእጅ ሥራ ትልቅ ፍቅር ነበረው። እናቱ ፍራንሲስ ኬይ ልጇን ራሷ ታስተምረው ነበር፤ ሆኖም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በ1839 በሆድ ካንሰር ሞተችበት።

በ1841 ኤዲንብራ አካዳሚ ገባ። የገጠር አነጋገሩንና ቤት የተሰፋ ልብሱን ያዩ ተማሪዎች ያሾፉበት፣ የቂል ቅጽል ስምም አውጥተውለት ይጠሩት ነበር። ይሁን እንጂ ገና በ14 ዓመቱ በክርና በመርፌ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸውን መስመሮች ስለ መንደፍ የመጀመሪያ ጥናቱን ጻፈ። ዕድሜው ለጉባኤ ስላልደረሰ ጥናቱን በኤዲንብራ ንጉሣዊ ማኅበር ፊት ያነበበለት ፕሮፌሰር ጄምስ ፎርብስ ነው። በ1847 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1850 ወደ ካምብሪጅ ተዛወረ፤ በ1854 የካምብሪጅን የሒሳብ ፈተና በሁለተኛነት አጠናቀቀ።

== ቀለምን መለካት ==

የማክስዌል የቀለም ጥናት የተጀመረው በኤዲንብራ ከፎርብስ ጋር በሠራቸው ሙከራዎች ነው። ፎርብስ ባለቀለም ወረቀቶችን ክብ ሰሌዳ ላይ እያደረገ በፍጥነት ያሽከረክር ነበር። ሰሌዳው ሲፈጥን ዓይን ቀለሞቹን ለይቶ ማየት ስለማይችል ተቀላቅለው እንደ አንድ ቀለም ይታዩታል።

ማንኛውም ሠዓሊ እንደሚያውቀው ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ሲበጠበጡ አረንጓዴ ይወጣል። በሚሽከረከረው ሰሌዳ ላይ ግን ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ አልሆኑም። ምክንያቱ በሁለቱ አቀላቀሎች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቀለም በቀለም ሲበጠበጥ እያንዳንዱ ከብርሃኑ የተወሰነውን ክፍል ውጦ ያስቀራል፤ ለዓይን የሚደርሰው ሁለቱም ያላስቀሩት ነው። በሰሌዳው ላይ ግን ከሁለቱ ወረቀቶች የሚመጣው ብርሃን ዓይን ውስጥ ይደመራል። የመጀመሪያው መቀነስ ሲሆን ሁለተኛው መደመር ነው። ስለዚህ የብርሃን መሠረታውያን ቀለሞች ብሎ ማክስዌል የመረጣቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው።

የሰው ዓይን ሦስት ዓይነት ተቀባዮች ሊኖሩት ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ ቶማስ ያንግ በ1802 አቅርቦት ነበር። የጎደለው ልኬት ነበር። ማክስዌል የፎርብስን ሰሌዳ አሻሽሎ ከመካከል እስከ ጠርዝ የተሰነጠቁ የወረቀት ክቦችን አንዱን በሌላው ውስጥ በማስገባት የእያንዳንዱን ቀለም ድርሻ እንደ ፈለገ ማስፋትና ማጥበብ ቻለ። በውጪ በኩል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ በመካከሉ ደግሞ አነስ ያሉ የጥቁርና የነጭ ክቦች ያስቀምጣል። ሰሌዳው ሲሽከረከር የውጪው ቅልቅልና የመካከሉ ግራጫ አንድ እስኪመስሉ ድረስ ድርሻቸውን ያስተካክላል። ጠርዙ በ100 ክፍል የተከፈለ ስለነበር ውጤቱን በቁጥር ያነበዋል። በዚህ መንገድ ይህን ያህል ቀይ፣ ይህን ያህል አረንጓዴና ይህን ያህል ሰማያዊ ሲደመሩ ከይህን ያህል ነጭና ጥቁር ጋር እኩል ናቸው የሚል እኩልዮሽ ተገኘ።

ሙከራው ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛ፣ የተለያዩ ሰዎች የሚሰጡት ቁጥር በጣም ይቀራረባል፤ ስለዚህ የቀለም ዕይታ እንደ ርዝመትና እንደ ክብደት የሚለካ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግራቸው ሰዎች ከሦስት ይልቅ ሁለት ቀለሞች ብቻ በቂ ሆነው ተገኙ፤ ይህም ከሦስቱ ተቀባዮች አንዱ እንደማይሠራላቸው የሚጠቁም ነበር። ውጤቱን በ1855 ለኤዲንብራ ንጉሣዊ ማኅበር አቀረበ። በዚሁ ጥናት ውስጥ አንድን ትዕይንት በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ ሦስት ጊዜ በማንሳት ባለቀለም ፎቶግራፍ ማግኘት እንደሚቻል ጠቆመ።

== ከአበርዲን ወደ ለንደን ==

በ1856 በአበርዲን የማሪሻል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1858 የኮሌጁን ኃላፊ ልጅ ካትሪን ሜሪ ደዋርን አገባ። በ1860 በከተማው የነበሩት ሁለት ኮሌጆች ሲዋሐዱ ከሁለቱ የፊዚክስ መምህራን አንዱ መቀነስ ስለነበረበት ማክስዌል ሥራውን አጣ። የኃላፊው አማች መሆኑም አላዳነውም። በዚያው ዓመት በፈንጣጣ በጽኑ ታሞ ካገገመ በኋላ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ተቀጠረ።

በለንደን መኖሪያ ቤቱ የቀለም ጥናቱን በረጅም ሣጥን ቀጠለ። በሣጥኑ ውስጥ የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም ተበትኖ ከብተናው የተመረጡ ቀለሞች በጠባብ ቀዳዳዎች ልክ ይቀላቀላሉ። ሣጥኑን ሬሳ ሣጥን የመሰላቸው ጎረቤቶች ሰውየው ውስጡን ሲመለከት እየዋለ አብዷል ይሉ እንደነበር ይነገራል። ካትሪን ከዋነኞቹ ተመልካቾች አንዷ ነበረች፤ ያየችው ከባለቤቷ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ተመዝግቧል። በቀለም ሥራው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ በ1860 የራምፎርድ ሜዳልያ ሸለመው።

== የ1861 ፎቶግራፍ ==

ግንቦት 10 ቀን 1853 ዓ.ም. (ሜይ 17 ቀን 1861) ማክስዌል በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ባደረገው ንግግር የ1855 ሐሳቡን በተግባር አሳየ። ፎቶግራፉን ያነሳው የፎቶግራፍ ባለሙያው ቶማስ ሳተን ነው። የተነሳው ዕቃ ባለመስመር የስኮትላንድ ጥብጣብ ነበር። ሳተን ጥብጣቡን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በሆኑ ፈሳሾች በኩል ለየብቻ አነሳው። ሦስቱም ጥቁርና ነጭ ምስሎች ነበሩ። በንግግሩ ላይ እያንዳንዱ ምስል በተነሳበት ቀለም ማጣሪያ ከየራሱ ፋኖስ ተወርውሮ ሦስቱ በአንድ መጋረጃ ላይ ሲገጣጠሙ ጥብጣቡ ከነቀለሙ ታየ።

ይህ ሙከራ ግን በሠራበት ምክንያት መሥራት አልነበረበትም። የዘመኑ የፎቶግራፍ ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ ምንም ያህል ምላሽ አይሰጥም ነበር። ታዲያ በቀይ ማጣሪያ የተነሳው ምስል ከየት መጣ? መልሱ የተገኘው ከ100 ዓመት በኋላ ነው። በ1961 በኮዳክ ኩባንያ ራልፍ ኢቫንስ ሙከራውን ሲመረምር፣ ቀዩ ፈሳሽ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረርም ያሳልፍ እንደነበር፣ የጥብጣቡ ቀይ ክፍልም ይህንኑ ጨረር ያንጸባርቅ እንደነበር አሳየ። በመጋረጃው ላይ ቀይ ሆኖ የታየው በእርግጥ አልትራቫዮሌት ነበር።

የማክስዌል ንድፈ ሐሳብ ትክክል ቢሆንም ካሜራው የሚያየው ቀይ ዓይን ከሚያየው ቀይ ጋር አንድ አልነበረም። ይህ ልዩነት እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ ማንኛውም የካሜራ ሴንሰር ቀለምን የሚቀበለው በራሱ መንገድ ስለሆነ የሰጠው ቁጥር ዓይን ወደሚያየው ቁጥር መተርጎም አለበት።

== ሌሎች ሥራዎቹና ሞቱ ==

ማክስዌል የሳተርን ቀለበቶች አንድ ወጥ ጠጣር ሊሆኑ እንደማይችሉና ከብዙ ጥቃቅን አካላት የተሠሩ መሆናቸውን በሒሳብ አስረድቶ በ1857 የአዳምስን ሽልማት አግኝቷል። የጋዝ ሞለኪውሎች ፍጥነት እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጽ ሕግም አውጥቷል። በ1865 ባሳተመው ጥናት ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን ገለጸ። በዚያው ዓመት ሥራውን ለቆ ወደ ግሌንሌር ተመለሰ። በ1871 የካምብሪጅ የመጀመሪያው የካቨንዲሽ ፕሮፌሰር ሆኖ ቤተ ሙከራውን አደራጀ፤ በ1873 በኤሌክትሪክና በማግኔት ላይ የጻፈውን ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ።

በ1879 እናቱን በገደላት የሆድ ካንሰር ዓይነት ታሞ በካምብሪጅ በ48 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው ከግሌንሌር አጠገብ በምትገኘው ፓርተን ነው።

== በቪዲዮ ቀለም እርማት ውስጥ ያለው ውርስ ==

ማክስዌል ከሞተ በኋላ የቀለም ልኬት ቀጥሎ በ1931 ዓለም አቀፍ መለኪያ ወጣለት። በዲጂታል ቪዲዮም የእያንዳንዱ የምስል ነጥብ ቀለም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቁጥር ሊገለጽ ይችላል።

«ሎግ» የሚባለው አቀራረጽ ግን የማክስዌል ሥራ አይደለም። መነሻው ፈርዲናንድ ኸርተርና ቬሮ ድሪፊልድ በ1890 የፊልምን ጥቁረት ከብርሃኑ መጠን ሎጋሪዝም ጋር ያነጻጸሩበት ግራፍ ነው። የሎግ ጥቅም በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ባለ10 ቢት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ ቀለም 1,024 ደረጃዎች አሉት። ብርሃኑ እንዳለ ቢመዘገብ እጅግ ብሩህ የሆነው እርከን ብቻ 512ቱን ይወስዳል፤ ቀጣዩ 256፣ ከዚያ 128 እያለ ስምንተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ለጥላው የሚቀሩት 4 ደረጃዎች ናቸው። ሎግ ደረጃዎቹን ለእርከኖቹ በተቀራራቢ መጠን ያካፍላል። በዚህ ምክንያት የሎግ ቪዲዮ ሳይታረም ሲታይ የደበዘዘና ግራጫ የለበሰ ይመስላል፤ መረጃው ግን አልጠፋም።

ይህን ምስል ወደ ተፈጥሯዊ መልኩ የሚመልሰው ላት ነው። ላት ለሦስት ቁጥሮች ሌላ ሦስት ቁጥሮች የሚሰጥ ሰንጠረዥ ነው። ለባለ10 ቢት ቪዲዮ ሙሉ ሰንጠረዥ ቢዘጋጅ ከ1 ቢሊዮን በላይ መስመር ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በየጎኑ 33 ነጥብ ያለው ኪዩብ፣ ማለትም 35,937 ነጥቦች ይያዛሉ፤ በመካከል ያለው ቀለም ከአጎራባች ነጥቦች ይሰላል። ኪዩቡ የማክስዌልን ሦስት ቁጥሮች እንደ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት የያዘ ነው።

ሰንጠረዡ ግን የተሰጠውን ቁጥር እንጂ የተቀረጸውን ሰው አያውቅም። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዙሪያ አንድን ሰርግ የሚከታተል ቪዲዮግራፈር ጠዋት በቡራዩ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር፣ እኩለ ቀን በሱሉልታ ገላጣ ሜዳ፣ ማታ በሰበታ አዳራሽ አምፖል ሥር ሊቀርጽ ይችላል። ካሜራው አንድ ቢሆንም በሦስቱ ቦታዎች ነጩ ነጠላ የሚሰጠው ሦስት ቁጥር የተለያየ ነው። አንዱን ላት በሁሉም ላይ ከመጫን በፊት ብርሃኑንና ነጩን ማስተካከል ያስፈልጋል። ለአንድ ካሜራ ሎግ የተሠራ ላት በሌላ ካሜራ ሎግ ላይ ሲጫንም ቀለሙ ይዛባል።

የቆዳ ቀለምም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመታት የኮዳክ ፎቶ ማተሚያ ቤቶች ቀለም ያስተካክሉባቸው የነበሩ ናሙና ካርዶች የነጭ ሴቶች ምስል ስለነበረባቸው የጠቆረ ቆዳ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ለሌላ ብርሃንና ለሌላ ፊት የተዘጋጀ ላት ሳይታይ ሲጫን የጠይም ሙሽራን ፊት ሊያጠቁር ወይም ወደ ብርቱካናማ ሊወስድ ይችላል። መፍትሔው ማክስዌል በሰሌዳው ያደረገው ነው፤ በካሜራው ፊት ግራጫ ካርድ አስቀምጦ መለካት፣ ከዚያም የተቀረጸውን ሰው ፊት እያዩ ማስተካከል።

== መታሰቢያዎች ==

በኤዲንብራ የተወለደበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በዚያችው ከተማ በ2008 ሐውልት ቆሞለታል። በቬኑስ ላይ ያሉት ከፍተኛ ተራሮች የማክስዌል ተራሮች ይባላሉ። በሃዋይ በማውና ኬያ ተራራ ላይ ያለ ቴሌስኮፕም በስሙ ተሰይሟል። ከጥብጣቡ ፎቶግራፍ የተዘጋጀው ባለቀለም ምስል ዛሬም በፎቶግራፍ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በስፋት ይታተማል።