ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድን መርዝ ለዒላማው ያዋሉ ሳይንቲስት

የፋብሪካ ሳሙና ለገጠሩ ሳይዳረስ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በአካባቢው ገጠሮች ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውም ከልብሱ ታጥቦ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች የተለመደውን ይህን ተግባር በተመራማሪ ዓይን አይተው ለዓለም ያሳወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ በ1935 የተወለዱ ሲሆን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትኩረታቸውም የቢልሃርዚያ በሽታ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ትል ከፊል ዕድገቱን በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚያሳልፍ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የመተላለፊያውን ሰንሰለት ይበጥሳል። እ.ኤ.አ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ወረድ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ገዳዩ በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑም በምርምር ተረጋገጠ።

ንጥረ ነገሩ በውኃ ውስጥ በአጭር ጊዜ የሚበሰብስ በመሆኑ ተመራጭ ሲሆን፣ ዓሣንም ስለሚገድል አጠቃቀሙ ጥንቃቄን ይጠይቃል። በአድዋ እ.ኤ.አ ከ1969 እስከ 1974 በተካሄደው ሙከራ በትናንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የተሻለ ኃይል ያላቸውን የእንዶድ ዝርያዎች በመምረጥ ከፍተኛ ድርሻ አበርክተዋል።

ይሁንና ውጤቱ በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተገኘው መረጃ በውጭ አገር እንዲደገም በመጠየቁ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ግን ድሃ አገሮች በራሳቸው ተመራማሪዎች ሊተማመኑ እንደሚገባ ያለመታከት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ።

የእንዶድ ታሪክ በቀንድ አውጣ አላበቃም። እ.ኤ.አ በ1984 የውጭ ተመራማሪዎች ከዚሁ ተክል ዶዴካንድሪን የተባለ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። ፕሮቲኑ የህዋስን የፕሮቲን ማምረቻ፣ ማለትም ራይቦሶምን፣ ሥራ ያስቆማል። ሆኖም የዚህ ዓይነት ፕሮቲኖች ብቻቸውን ወደ ህዋስ በቀላሉ አይገቡም፤ የታመመውንም ከጤነኛው አይለዩም። በመሆኑም ተመራማሪዎች መርዙን ካንሰር ያለበትን ህዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ማያያዝ ጀመሩ። ከእንዶድ የሰሜን አሜሪካ ዘመድ የተገኘው ተመሳሳይ ፕሮቲን በዚሁ መንገድ በደም ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሯል።

ቆይቶም የፀረ እንግዳ አካሉንና የመርዙን ዘረመል በማጣመር ሁለቱን እንደ አንድ ፕሮቲን ማምረት ተችሏል። ከባክቴሪያ መርዝ በዚህ ዘዴ የተሠራ አንድ መድኃኒት እ.ኤ.አ በ2018 በአሜሪካ ለአንድ ብርቅዬ የደም ካንሰር ተፈቅዶ እ.ኤ.አ በ2023 ከገበያ ወጥቷል። 

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። እ.ኤ.አ በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። እናቶች በወንዝ ዳር ያቆዩት ዕውቀት በአገር ልጅ ተመርምሮ ለሕዝብ ጤና ሊውል እንደሚችል ያሳዩበት ሥራም ቋሚ ቅርሳቸው ነው።