ሜዳ የተከለከለችው የኳስ ተጫዋች ወይዘሪት ሊሊ ፓር

ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች፥ ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል በነበረችው በቡሌ ሆራና በያቤሎ፥ እንዲሁም በወዲያኛው በኩል በነገሌ ቦረና፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዶች ልጆች ኳስ ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ። በዚያችው ሰዓት ብዙዎቹ እኅቶቻቸው ጀሪካን ተሸክመው ወደ ውሃ ይወርዳሉ። ከእነርሱ መካከል ኳስ የምትወድ ብትገኝ፥ ጊዜ አለመትረፉ ብቻ ሳይሆን፥ ጨዋታው ለሴት ልጅ አይገባም የሚል ሰው ስለማይታጣ፥ ከዳር ቆማ መመልከት ዕጣዋ ይሆናል። ይህ አሳብ በቆላው አገር ወይም በኢትዮጵያ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የእግር ኳስን ሕግ ጽፋ ለዓለም የሰጠችው እንግሊዝ ራስዋ በሴቶች ልጆችዋ ላይ ሃምሳ ዓመት ያህል ያደረገችውን ሊያውቅ ይገባዋል። ይህንንም ለመረዳት የወይዘሪት ሊሊ ፓርን ሕይወት ከመመልከት የሚሻል መንገድ የለም።

ወይዘሪት ሊሊ ፓር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፥ በላንካሻየር አውራጃ፥ ሴንት ሄለንስ በምትባለው ከተማ ሚያዝያ 18 ቀን 1897 ዓ.ም. ተወለደች። (የአውሮፓ ዘመን መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።) ሴንት ሄለንስ በመስተዋት ፋብሪካና በድንጋይ ከሰል የታወቀች የሠራተኛ ከተማ ነበረች። አባትዋ የጉልበት ሠራተኛ፥ መኖሪያቸውም የኪራይ ቤት ሲሆን፥ እርስዋ ከሰባት ልጆች አራተኛዪቱ ነበረች። በልጅነትዋ ከወንድሞችዋ ጋር በመንደሩ ባዶ ቦታ ኳስና ራግቢ የሚባለውን ጨዋታ እየተጫወተች አደገች። ቁመትዋ ከእኩዮችዋ ሁሉ የላቀ ሆኖ ወደ ስድስት ጫማ ተጠጋ፤ የግራ እግርዋም ብርታት ገና በልጅነትዋ ሰውን የሚያስደንቅ ሆነ።

በ1906 ዓ.ም. ማለቂያ ታላቁ የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የእንግሊዝ ወንዶች ወደ ጦር ግንባር ስለ ሄዱ የፋብሪካው ሥራ በሴቶች እጅ ወደቀ። በፕሬስተን ከተማ የነበረው ዲክ ከር የተባለው ኩባንያም፥ ቀድሞ የትራምና የባቡር ሠረገላ ይሠራ የነበረው፥ በጦርነቱ ዘመን የጦር መሣሪያ ወደ መሥራት ተመለሰ። ሴቶቹ ሠራተኞች በዕረፍት ሰዓት በግቢው ውስጥ ኳስ መምታት ጀመሩ፤ ይህንንም አልፍሬድ ፍራንክላንድ የተባለ የዚያው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ተመልክቶ ቡድን አደረጋቸው። ታኅሣሥ 16 ቀን 1910 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች የልደት በዓል ዕለት፥ ዲፕዴል በተባለው ሜዳ በ10000 ሰው ፊት ከሌላ ፋብሪካ ሴቶች ጋር ተጋጥመው 4 ለ 0 አሸነፉ። የመግቢያው ገንዘብ ለቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የሴቶች ኳስ ማለት በሕዝቡ ዘንድ ለችግረኛ ገንዘብ የሚሰበሰብበት መልካም ሥራ ሆኖ ተቈጠረ።

ወይዘሪት ሊሊ በዚያ ጊዜ ለትውልድ ከተማዋ ለሴንት ሄለንስ ሴቶች ቡድን ትጫወት ነበር። ሁለቱ ቡድኖች በተጋጠሙ ጊዜ አቶ ፍራንክላንድ ይህችን ረጅም ልጅ አየና ሊያልፋት አልወደደም። በ1912 ዓ.ም. ገደማ፥ ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆን ነው፥ ወደ ፕሬስተን ወስዶ በፋብሪካው ሥራ ሰጣት፤ ከአንዲት የቡድኑ ጓደኛዋ ቤተ ሰብ ጋርም እንድትኖር አደረገ። ለአንድ ግጥሚያ 10 ሽልንግ ይከፈላት ነበር። ትንባሆ ታጨስ ስለ ነበረ በገንዘቡ ላይ ሲጋራ እንዲጨመርላት ጠየቀች እየተባለ ይነገራል፤ ይህ ለወጣት የሚመከር ነገር ባይሆንም ከታሪክዋ የሚወጣ አይደለም።

የጨዋታዋ ቦታ የግራ ክንፍ ነበረ። የዚያ ዘመን ኳስ ከወፍራም ቆዳ የተሰፋ ስለ ሆነ ዝናብ ሲመታው እንደ ድንጋይ ይከብድ ነበር፤ ብዙዎች ወንዶች እንኳ ከሜዳው ጠርዝ እስከ ግቡ አፍ ለማድረስ ይቸገሩበት የነበረውን ይህንን ኳስ እርስዋ በግራ እግርዋ አንሥታ ለጓደኞችዋ ታደርስላቸው፥ ወይም ራስዋ አክርራ መትታ ታገባው ነበር። አንድ ወንድ በረኛ ሴት ልጅ እኔ ላይ ግብ አታገባም ብሎ ቢፎክር፥ የመታችውን ኳስ ለመያዝ ሲሞክር ክንዱ ተሰበረ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይተረካል። ወሬው ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ደካማ ተጫዋች እንዲህ ያለ ወሬ አይወጣም። በመጀመሪያው የጨዋታ ዘመንዋ 43 ግብ እንዳገባች፥ በዘመንዋም ሁሉ ያገባችው ወደ 1000 እንደሚጠጋ ይቈጠራል።

በ1912 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሴቶች ቡድን ወደ እንግሊዝ መጥቶ በአራት ከተሞች ተጫወተ፤ ቀጥሎም የዲክ ከር ልጆች ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ተጋጠሙ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1913 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ ላጡ የቀድሞ ወታደሮች መርጃ የሚሆን ግጥሚያ በሌሊት ተደረገ። ሜዳው መብራት ስላልነበረው፥ በዚያን ጊዜ የጦር ሚኒስትር ከነበሩት ከዊንስተን ቸርችል ፈቃድ ተገኝቶ፥ በጦርነቱ ጊዜ የጠላት አውሮፕላን ይፈለግባቸው የነበሩ ሁለት ታላላቅ መብራቶች መጡ፤ ኳሱም በጨለማ እንዲታይ ነጭ ቀለም ተቀባ።

ከዚህ ዐሥር ቀን በኋላ፥ ታኅሣሥ 17 ቀን 1913 ዓ.ም.፥ በሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ በተባለው ሜዳ የሆነው ግን ከሁሉ በለጠ። ተጋጣሚው የሴንት ሄለንስ ቡድን ነበረና ወይዘሪት ሊሊ የመጣችው የገዛ አገርዋን ልጆች ልትገጥም ነው። 53000 ሰው ገብቶ ሜዳው ሞላ፤ ከ10000 የማያንስ ሕዝብም ቦታ አጥቶ ከውጭ ተመለሰ። የቡድኑ ዋና አጥቂ ፍሎሪ ሬድፎርድ ባቡር ስላመለጣት፥ አለቃቸው አሊስ ኬል ቦታዋን ለቅቃ ወደ ፊት ወጣችና ሦስት ግብ አገባች፤ የዲክ ከር ልጆችም 4 ለ 0 ድል አደረጉ። ለበጎ አድራጎት የተሰበሰበው ገንዘብ ከ3000 ፓውንድ በላይ ሆነ። በእንግሊዝ አገር የሴቶችን ኳስ ለማየት ከዚህ የሚበልጥ ሕዝብ የተሰበሰበው ከ91 ዓመት በኋላ፥ በ2004 ዓ.ም. በሎንዶን የኦሎምፒክ ጨዋታ ጊዜ ነው። በአውሮፓውያን የ1921 ዓመት ውስጥ ቡድኑ 67 ጊዜ ተጫውቶ፥ ተመልካቹ በድምሩ 900000 ያህል ደረሰ፤ በአገሩም የሴቶቹ ቡድኖች ቁጥር ወደ 150 ተጠጋ።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ለሴቶች ሲሰበሰብ ማየት የወንዶቹን ክለቦች ያስተዳድሩ ለነበሩት ሹማምንት ደስ አላሰኛቸውም። ጦርነቱ አልቆ ወንዶቹ ተመልሰዋል፤ ሴቶቹም ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ይፈለግ ነበር። ከዚህም በላይ በ1913 ዓ.ም. የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ከአሠሪዎቻቸው ጋር ተጣልተው ከሥራ ውጭ በሆኑ ጊዜ፥ ሴቶቹ ለተራቡት ቤተ ሰቦቻቸው ገንዘብ ለመሰብሰብ ተጫወቱ። ለወታደር ሲጫወቱ የተመሰገኑት ለቆፋሪው ሲጫወቱ በጥርጣሬ ታዩ፤ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች የእገዳውን ሥር የሚፈልጉት በዚህ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1914 ዓ.ም. የእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበር ተሰብስቦ፥ ጨዋታው ለሴቶች የማይስማማ ነው ሲል፥ በሥሩ ያሉት ክለቦች ሁሉ ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ አዘዘ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ለወጪ እየተባለ የሚቀነሰው በዝቷል የሚል ክስም አብሮ ቀረበ። ክሱን ከ10 ሽልንጉ ጋር ማነጻጸር ነው። 20 ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነውና፥ የወይዘሪት ሊሊ ድርሻ ለአንድ ግጥሚያ ግማሽ ፓውንድ ነበረ፤ ይኸውም ከሥራ ለቀረችበት ጊዜ የሚካካስ ነው። በዚያው ዘመን አንድ ወንድ ባለሙያ ተጫዋች በሳምንት እስከ 9 ፓውንድ እንዲከፈለው ተፈቅዶ ነበር። ነገሩ የገንዘብ ጥንቃቄ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡን መመርመር ይበቃ ነበር፤ ሜዳውን መዝጋት ግን ሌላ አሳብ መኖሩን ያሳያል።

በቦረና ምድር ውሃ ከጥልቅ ኤላ በብዙ ሰው ጉልበት ይወጣል። የተራውን ሥርዓት የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሹም አለ፤ በቁፋሮው የደከመ ሰው ግን ተራ ይሰጠዋል እንጂ ከውሃው አይባረርም። የእንግሊዝ ማኅበር ያደረገው ከዚህ ሥርዓት በታች ነው። ወንዶቹ በጦር ሜዳ ሳሉ የኳሱን ሜዳ በሕዝብ የሞሉት፥ ለሆስፒታሉም ገንዘብ ያስገኙት እነዚህ ሴቶች ነበሩ።

ትእዛዙ ኳሱን አልከለከለም፤ ሜዳውን ነው የከለከለው። ይህም ይበልጥ ብልሃት ያለበት ነበር። አጥር ያለው፥ መቀመጫ ያለው፥ የመግቢያ ዋጋ የሚቀበሉበት በር ያለው ሜዳ ሁሉ በማኅበሩ እጅ ስለ ነበረ፥ ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ በገበሬ ማሳ፥ በሕዝብ መናፈሻና በራግቢ ሜዳ ለመጫወት ተገደዱ። ተመልካቹ ሳሳ፤ ጋዜጠኛው ቀረ፤ ብዙዎቹም ቡድኖች ፈረሱ።

በ1915 ዓ.ም. መጀመሪያ የዲክ ከር ቡድን ባሕር ተሻግሮ ሄደ። በካናዳ የዚያ አገር ማኅበር እንዳይጫወቱ ከለከላቸው። በአሜሪቃ ግን ተጋጣሚ ሴቶች ስላልተገኙ ከወንዶች ቡድኖች ጋር ዘጠኝ ጊዜ ተጫወቱ፤ ሦስቱን አሸነፉ፥ ሦስቱን እኩል ለእኩል ወጡ፥ ሦስቱን ተሸነፉ። ለሴት አካል አይስማማም ለተባለው ክርክር ከዚህ የተሻለ መልስ መፈለግ አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ የሚጻፍለት ግን ጥቂት ነው። ወይዘሪት ሊሊ በፕሬስተን አቅራቢያ ባለው ዊቲንግሃም በተባለ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስታማሚ ሆና ተቀጠረች፤ የዕለት እንጀራዋ ከዚያ ሆነ፤ ኳሱም ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚሠራ ሆነ። አቶ ፍራንክላንድ ከፋብሪካው አዲስ ባለቤቶች ጋር ስላልተስማማ በአውሮፓ 1926 ዓ.ም. ቡድኑ ከፋብሪካው ተለይቶ የፕሬስተን ሴቶች ተባለ። እርስዋ ግን አልተለየችውም። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ የኳስ ቡድን በተቋቋመበት በ1928 ዓ.ም. ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት አልፏት በእንግሊዝ የገበሬ ሜዳዎች ላይ ትሮጥ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡድኑ አለቃ ሆነች፤ በ1943 ዓ.ም. ገደማ ጨዋታ ስታቆም ዕድሜዋ አርባ አምስት አልፎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከተጫወተችው ውስጥ ታላላቁ ሜዳ የተከፈተላት ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ክልከላውም የእንግሊዝ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ብራዚል በ1933 ዓ.ም. በሕግ፥ ጀርመን በ1947 ዓ.ም. በኳስ ማኅበርዋ ትእዛዝ ሴቶችን ከለከሉ፤ ጀርመን በ1963፥ ብራዚል በ1971 ዓ.ም. ፈቀዱ። የኢትዮጵያ ሴቶች ዘግይተው ቢጀምሩም በመስከረም 1997 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪቃ በተደረገው የአፍሪቃ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ሆነዋል። ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራም በማልታ አገር ለቢርኪርካራ ቡድን ተጫውታ፥ ወይዘሪት ሊሊ በ10 ሽልንግና በሲጋራ የጀመረችውን ሙያ እንጀራዋ አድርጋዋለች። ዱራሜ ከቡሌ ሆራ የማይደረስበት ሩቅ አገር አይደለም።

የእንግሊዝ ማኅበር እገዳውን ያነሣው በ1963 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ ወይዘሪት ሊሊ ስድሳ አምስት ዓመት አልፏት፥ ከጥቂት ዓመት በፊት በጡት ካንሰር ምክንያት ሁለቱንም ጡቶችዋን በቀዶ ሕክምና አጥታ፥ ጉዝናር በተባለ መንደር በገዛችው ቤትዋ ውስጥ ትኖር ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመትዋ በዚያው ቤት አረፈች፤ በትውልድ ከተማዋ በሴንት ሄለንስም ተቀበረች።

ስምዋ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በአውሮፓ 2002 ዓ.ም. በእንግሊዝ የእግር ኳስ ሙዚየም በታላላቆቹ ተጫዋቾች መዝገብ የገባች የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነች። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በማንችስተር፥ በዚያው ሙዚየም፥ ኳስ ስትመታ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት ቆመላት። በብሪታንያ ለሴት የኳስ ተጫዋች እንዲህ ያለ ሐውልት ሲቆም የመጀመሪያው ነበር።