ሸክም ተሸካሚው ቴንዚንግ ኖርጌይ

ልጆች ሆይ፥ ከአሰላ ከተማ በላይ የቆመውን የጭላሎን ተራራ ታውቃላችሁ። ከፍታው ከባሕር ወለል ሲለካ ከ4,000 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የምንኖርባት አዳማ ግን 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዓለም ካሉት ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ኤቨረስት የሚባለው ተራራ 8,848 ሜትር ነው። ሁለት ጭላሎ ቢነባበር እንኳ አይደርስበትም። ይህ ተራራ በኔፓልና በቲቤት ድንበር፥ ሒማላያ በሚባለው የተራሮች ሰንሰለት ውስጥ ይገኛል። ዛሬ የምታነቡት ወደዚህ ተራራ ጫፍ ከወጡት ከሁለቱ የመጀመሪያ ሰዎች የአንደኛውን ታሪክ ነው።

ቴንዚንግ ኖርጌይ በ1906 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ያክ የሚባለውን ጠጉራም የደጋ ከብት የሚያረባ ድኻ ሰው ነበረ። እናቱ 13 ልጆች ወለደች፤ ቴንዚንግ 11ኛው ነበረ። ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ሞቱ። ወላጆቹ መነኩሴ እንዲሆን ወደ ገዳም ሰደዱት፤ እርሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከብት ሲጠብቅ ዘወትር ወደ ታላቁ ተራራ ይመለከት ነበር። የአገሩ ሰዎች ያን ተራራ እንደ ቅዱስ ስፍራ ስለሚያከብሩት ወደ ጫፉ ለመውጣት የሚያስብ አልነበረም።

በዚያ አገር የሚኖሩት ሰዎች ሼርፓ ይባላሉ። በከፍታ ላይ ተወልደው ስለሚያድጉ ቀጭኑ አየር እንደ ሌላው ሰው አያስጨንቃቸውም። ስለዚህ ከእንግሊዝ አገርና ከሌላም ስፍራ ተራራ ሊወጡ የሚመጡ ሰዎች ሼርፓዎችን በደመወዝ ይቀጥሩ ነበር። ሥራው ግን ሞት ያለበት ሥራ ነበር። በ1914 ዓ.ም. በኤቨረስት ላይ የበረዶ ናዳ ወርዶ ሰባት ሸክም ተሸካሚዎችን ገደለ። ቴንዚንግ ይህን ሁሉ እየሰማ አደገ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። ዕድሜው 18 ዓመት ገደማ ሲሆን ተሸካሚዎች ወደሚቀጠሩበት ወደ ዳርጂሊንግ ከተማ ሄደ። ይህች ከተማ በህንድ አገር ናት።

በ1927 ዓ.ም. እንግሊዞች ለኤቨረስት ጉዞ ተሸካሚዎች ሲመርጡ ቴንዚንግ ልምድ ስላልነበረው ሊቀር ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ከተጨመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ እርሱ ሆነ። በ1928 እና በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ሄደ። ከባድ ሸክም በበረዶ ላይ ተሸክሞ ከፍ ወዳለ ስፍራ ማድረስ ስለ ቻለ የጀግንነት ሜዳልያ ተሰጠው። ሆኖም ወደ ጫፉ የደረሰ ሰው ገና አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጉዞ በአንድ ሰው ጉልበት አይፈጸምም። አስቀድሞ ተሸካሚዎች ምግቡን፥ ድንኳኑንና ገመዱን ወደ ተራራው ግርጌ ያደርሳሉ። ከዚያ በኋላ አንዱን ሰፈር ከሌላው በላይ እየተከሉ ጥቂት በጥቂት ይወጣሉ። ከጫፉ አጠገብ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው አየር ሢሶውን ያህል ብቻ ስለሆነ አንድ እርምጃ ለመራመድ ብዙ ጊዜ መተንፈስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኦክስጅን የተሞላ ጠርሙስ በጀርባቸው ያዝላሉ። ሲሄዱም በአንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይይዘዋል።

በ1944 ዓ.ም. ቴንዚንግ ከስዊስ አገር ሰዎች ጋር የተሸካሚዎች አለቃ ሆኖ ወጣ። ሬይሞን ላምቤር ከሚባል ሰው ጋር ተወዳጀ። ሁለቱ ከፍ ባለው ሰፈር አንዲት ሌሊት የመኝታ ልብስና ምድጃ ሳይኖራቸው አደሩ። የሚጠጡትን ውሃ ለማግኘት በረዶውን በሻማ አቀለጡት። በማግሥቱ ወደ 8,600 ሜትር ተጠግተው ኃይላቸው ስላለቀ ተመለሱ። ከእነርሱ በፊት ያን ያህል ከፍ ብሎ እንደ ወጣ የተረጋገጠ ሰው አልነበረም። ላምቤር ለወዳጅነታቸው ምልክት ቀይ የአንገት ልብስ ሰጠው። ከክረምት በኋላ ደግመው ሞከሩ፤ ብርዱና ነፋሱ ግን መለሳቸው። ቴንዚንግ ከዚህ ጉዞ ሲመለስ በወባ ታሞ በሐኪም ቤት ተኛ።

በሚቀጥለው የበጋ ወራት እንግሊዞች ጠሩት። ሰውነቱ ገና ስላልጠነከረ በከረጢት ድንጋይ እየሞላ ተሸክሞ ኮረብታ ለኮረብታ ይሄድ ነበር። ጉልበቱ ሲመለስለት ከ350 ከሚበልጡ ተሸካሚዎች ጋር ተነሣ። የጉዞው አለቃ ጆን ሀንት ይባል ነበር። ከኒውዚላንድ የመጣው ንብ አርቢው ኤድመንድ ሂላሪም ከተጓዦቹ አንዱ ነበረ። አንድ ቀን በተሰነጣጠቀው በረዶ ላይ ሲያልፉ ሂላሪ ወደ ስንጥቁ ወደቀ። ቴንዚንግ ፈጥኖ መጥረቢያውን በበረዶው ላይ ተክሎ ገመዱን ያዘ፤ ጓደኛውንም ከሞት አዳነው።

ግንቦት 18 ቀን 1945 ዓ.ም. ሌሎች ሁለት ሰዎች ወደ ጫፉ ተላኩ። 100 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ደከሙ፤ ለሕይወታቸው አስበውም ተመለሱ። ከዚህ በኋላ ተራው የቴንዚንግና የሂላሪ ሆነ። ሦስት ጓደኞቻቸው ሸክሙን እስከ 8,500 ሜትር ድረስ አደረሱላቸውና ወረዱ። ሁለቱ በዚያ ብቻቸውን አደሩ። ሌሊቱን የሂላሪ ጫማ እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ በምድጃ ላይ አሙቀው እስኪያለዝቡት ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ከዚያም በአንድ ገመድ ታስረው ተነሡ። ግንቦት 21 ቀን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከእነርሱ በላይ የሚወጣበት ስፍራ አልነበረም።

በጫፉ ላይ የቆዩት ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ቴንዚንግ ከላምቤር የተሰጠውን ቀይ የአንገት ልብስ ለብሶ ነበር። እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ጥቂት ጣፋጭ ነገር መባ አድርጎ በበረዶው ውስጥ ቀበረ። ሂላሪም ሀንት የሰጠውን ትንሽ መስቀል አኖረ። ወደ ኤቨረስት ሲሄድ ይህ ለቴንዚንግ ሰባተኛው ጊዜ ነበረ።

ነገር ግን ከተራራው ከወረደ በኋላ ሌላ ፈተና ጠበቀው። ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ ብዙዎችም ሂላሪን በገመድ ጎትቶ ያወጣው እርሱ ነው ብለው ሥዕል ሥለው በአደባባይ ሰቀሉ። ቴንዚንግ ቀድሞ መድረሱን እንዲመሰክር አጥብቀው ጠየቁት። ሁለቱ ጓደኞች ግን አብረው እንደ ደረሱ ብቻ ተናገሩ፤ በገመድ የታሰሩ ሰዎች አንዱ ያለ ሌላው አይደርስምና። ቴንዚንግ የሕይወቱን ታሪክ ሲያስጽፍ ግን ሰዎች እውነቱን ማወቅ እንደሚገባቸው አሰበ። በጥቂት እርምጃ ቀድሞ ጫፉን የረገጠው ሂላሪ መሆኑን ገለጠ። ወገኖቹ ሌላ ነገር እንዲሰሙ ይመኙ ነበር፤ እርሱ ግን በሐሰት የሚገኘውን ክብር አልወደደም።

በ1947 ዓ.ም. በዳርጂሊንግ የተራራ መውጣት ትምህርት ቤት ሲከፈት ቴንዚንግ የመስክ ትምህርት ኃላፊ ሆነ። ማንበብና መጻፍ ሳይማር ብዙ ቋንቋ ያውቅ ነበር። ልጅ ሆኖ ያልተማረ ሰው ብዙ ወጣቶችን ገመድ ማሰርንና በበረዶ ላይ መራመድን አስተማረ። ግንቦት 1 ቀን 1978 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሰው ሁለት ነገር እንማር። መጀመሪያ፥ ስድስት ጊዜ ሳይሳካለት የተመለሰው ሰው በሰባተኛው ጊዜ ደረሰ። ትምህርት ሲከብዳችሁ አንድ ጊዜ ሞክራችሁ አትተዉ። ሁለተኛ፥ ሰው ሁሉ ሲያመሰግነን የእኛ ያልሆነውን ምስጋና መመለስ ተራራ ከመውጣት ይልቅ ይከብዳል። ቴንዚንግ ግን ሁለቱንም ፈጸመ።