ተሳለቁባቸው፤ ቫይረሱ ግን በስማቸው ተጠራ

ዶ/ር ሻርሎት ፍሬንድ እ.ኤ.አ. በ1921 ኒው ዮርክ ውስጥ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሩሲያ የተሰደዱ አይሁዳውያን ነበሩ። ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ፤ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ብሮንክስ ገቡ። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ቤተሰቡ የኖረው በመንግሥት ድጎማ ነበር። ይህ ለስደተኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በጦርነቱ ጊዜ በባሕር ኃይል ሆስፒታል የደም ላቦራቶሪ አገለገሉ፤ በ1950 ከየል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አገኙ።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዶ/ር ፍሬንድ በኒው ዮርኩ ስሎን ኬተሪንግ ተቋም ሲሠሩ በአይጦች ላይ የደም ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ አገኙ። በ1956 ግኝታቸውን ለአሜሪካ የካንሰር ምርምር ማኅበር ጉባዔ ሲያቀርቡ ተሳለቁባቸው። ያን ጊዜ ካንሰር ከቫይረስ ይመጣል ማለት በብዙዎቹ ምሁራን ዘንድ እንደ ቅዠት ይቆጠር ነበር። እርሳቸው ግን አላፈገፈጉም። ማስረጃቸውን በ1957 አሳተሙ፤ ሌሎችም ሙከራውን ደግመው ያንኑ አገኙ። ክርክሩን የዘጋችው አይጧ እንጂ የድምፅ ብልጫ አይደለም።

ለመሆኑ ቫይረሱ ምን ያደርጋል? ጤነኛ ሰውነት ቀይ የደም ሴል የሚያመርተው በልክ ነው። ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይልካል፤ መቅኔ ውስጥ ያሉ ለጋ ሴሎችም መልእክቱን ተቀብለው ይባዛሉ፣ ይበስላሉ። የፍሬንድ ቫይረስ ይህን ሥርዓት በሐሰተኛ ትእዛዝ ያፈርሰዋል። በ1990 እንደታወቀው፣ ጂፒ 55 የተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን በሆርሞኑ መቀበያ ላይ ተጣብቆ፣ ሆርሞኑ ሳይኖር ሴሉ እንዲባዛ ያዘዋል። የአይጧ ጣፊያ ባልበሰሉ ሴሎች ተሞልቶ ያብጣል።

ዶ/ር ፍሬንድ በ1966 ወደ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በ1971 ከባልደረቦቻቸው ጋር እነዚያን የታመሙ ሴሎች ዲኤምኤስኦ በተባለ ኬሚካል ውስጥ ሲያሳድጉ፣ ሴሎቹ ሄሞግሎቢን መሥራት ጀመሩ። የካንሰር ሴል የግድ ሳይገደል ወደ መብሰል ሊመለስ እንደሚችል ታየ። በእኔ ግምት ከቫይረሱ ግኝት የማይተናነስ ሥራ ነው።

ያው በ1956 የተሳለቁባቸው ሰዎች ማኅበር በ1975 ፕሬዚዳንት አደረጋቸው። ዶ/ር ፍሬንድ በጥር 1987፣ በ65 ዓመታቸው፣ ሊምፎማ በተባለ ካንሰር አረፉ። ከዲኤምኤስኦው ሙከራ በተጀመረው የምርምር መስመር የተገኘው ቮሪኖስታት የተባለ መድኃኒት በ2006 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ የተፈቀደውም ቆዳን ለሚያጠቃ የሊምፎማ ዓይነት ነው።