ቤን ሆጋንና አልቀና ያለው ኳስ

በትምህርት ክፍላችን ስለ ልምምድ ሲነሳ ሁሌም የሚጠቀሱት ሯጮችና እግር ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። እኔ ግን ለዚህ እትም የመረጥኩት አሜሪካዊውን የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋንን ነው። ብዙዎቻችን ጎልፍ በቴሌቪዥን ሲመጣ የሀብታም መዝናኛ ነው ብለን ጣቢያውን እንቀይራለን። ሆኖም አንድን የተበላሸ እንቅስቃሴ በልምምድ ማረም ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ ሰው ህይወት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆጋን በ1912 በቴክሳስ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በ1922፣ ቤን ገና 9 ዓመቱ ሳለ፣ አባቱ ራሱን ገደለ። ቤተሰቡ ተቸገረና ልጁ በፎርት ዎርዝ ባቡር ጣቢያ ጋዜጣ መሸጥ ጀመረ። በ11 ዓመቱ ደግሞ ግሌን ጋርደን በተባለ የጎልፍ ክለብ ካዲ፣ ማለትም የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ ተሸካሚ ሆነ። አብሮት ይሸከም የነበረው ባይረን ኔልሰንም በኋላ ስመ ጥር ተጫዋች ሆኗል።

በ1930 ሆጋን ጎልፍን መተዳደሪያው አደረገ። ምን ዋጋ አለው፣ ገንዘብ እያለቀበት ደጋግሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በ1935 ያገባት ቫለሪ አብራው ከከተማ ከተማ ተንከራተተች። በ1938 ኦክላንድ ላይ ለውድድር ሊሄድ ሲል የመኪናው ጎማዎች ተሰርቀው አገኘ! ብቻውን ተወዳድሮ የመጀመሪያውን ድል ያገኘው በ1940 ነው፤ እስከዚያ 10 ዓመት መሆኑ ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ኳሱ አይቀናለትም። ተመትቶ ከሄደ በኋላ በአየር ላይ ወደ ግራ ይጠመዘዝና ከሜዳው ይወጣል። የገና ጨዋታ የሚያውቅ ሰው፣ የቆመች ኳስ መምታት ምን ያቅታል ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ዱላውና ኳሱ የሚነካኩት ለሰከንድ ግማሽ ሺኛ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በዋናነት የሚወስነው በዚያች ቅጽበት የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ ነው። የ1 ዲግሪ ስህተት 200 ሜትር ላይ 3.5 ሜትር ያህል ይሆናል። የዱላው ፊትና ዱላው የሚጓዝበት መስመር ካልተስማሙ ደግሞ ኳሱ ይሽከረከርና ይታጠፋል። የሆጋን እጆች የዱላውን ፊት ቶሎ እየዘጉት ኳሱን ወደ ግራ ይልኩት ነበር።

ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነገረው ከማንም በላይ ብዙ ኳስ መምታቱ ነው። እውነት ነው፣ ይመታ ነበር። ለእኔ ግን ይህ ግማሹ ታሪክ ነው። ሰው የተሳሳተ ነገር በቀን 500 ጊዜ ቢደጋግም የሚያጠናክረው ስህተቱን አይደል? ሆጋንም ለዓመታት ብዙ እየመታ ኳሱ ሲጠመዘዝ ኖሯል። ከ1940 እስከ 1942 በሽልማት ገንዘብ አንደኛ ሆኖ እንኳ ያ ጠመዝማዛ ኳስ ጨርሶ አልለቀቀውም። ለውጡ የመጣው በ1946 ገደማ፣ ብዛቱን ትቶ ምክንያቱን ሲፈልግ ነው። የግራ እጁን አያያዝ አላላ፤ ዱላው ወደ ላይ ሲነሳም የግራ አንጓውን ወደ ኋላ ማጠፍ ለመደ። በዚህ ዓይነት ዱላውን የፈለገውን ያህል በኃይል ቢያወርደው ፊቱ አይዘጋም፤ ኳሱም ቀጥ ብሎ ሄዶ መጨረሻ ላይ ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከዚያ በኋላ ነው ድግግሞሹ ፍሬ የሰጠው። በ1948 የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ።

የካቲት 2 ቀን 1949 ከቫለሪ ጋር ሲጓዙ በጭጋግ ውስጥ አውቶቡስ ፊት ለፊት ገጫቸው። ሆጋን ሚስቱን ለማትረፍ ራሱን በእሷ ላይ ወረወረ። የመሪው ዘንግ የሾፌሩን ወንበር በስቶ ስለገባ እሱንም ያዳነው ይኸው ነው። ዳሌው፣ ቁርጭምጭሚቱና ጎድኑ ተሰበረ። ደሙ እየረጋ ስላስቸገረ ሐኪሞች ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም መልስ አሰሩት፤ ከዚያ ወዲህ እግሮቹ ሁልጊዜ ያብጡ ነበር። ሆስፒታል 59 ቀን ተኛ።

ከ16 ወር በኋላ፣ ሰኔ 1950፣ እግሮቹን በፋሻ ጠምጥሞ ሜሪየን ላይ ለአሜሪካን ኦፕን ቀረበ። በመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓድ መጫወት ግድ ነበር፤ ያ ማለት ሙሉ ቀን በእግር መሄድ ነው። እየተጎተተ የመጨረሻው ጉድጓድ ሲደርስ ከመሪዎቹ እኩል ለመሆን ወደ 200 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ ምት አስፈለገው። የመረጠው ለመምታት እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን ባለ 1 ቁጥር ብረት ዱላ ነው። ኳሱ አልተጠመዘዘም። በማግስቱ በተደረገው መለያ 69 መትቶ አሸነፈ፤ ሎይድ ማንግረም 73፣ ጆርጅ ፋዚዮ 75 ነበራቸው።

በ1953 ማስተርስን፣ የአሜሪካንንና የብሪታንያን ኦፕን በአንድ ዓመት ጠቀለለ። በጠቅላላው 9 ታላላቅ ውድድሮችን አሸንፏል። በ1957 የወጣው መጽሐፉ ዛሬም አሰልጣኞችን ያከራክራል፤ አንዳንዶች የእሱ መድኃኒት ኳሱ ወደ ግራ ለሚጠመዘዝበት እንጂ ለጀማሪ አይሆንም ይላሉ፣ እኔም ወደዚሁ አደላለሁ።

ውድድር ካቆመ በኋላም ፎርት ዎርዝ ውስጥ ሼዲ ኦክስ በተባለው ክለብ ብቻውን ኳስ መምታቱን አልተወም። ያረፈው ሐምሌ 25 ቀን 1997፣ በ84 ዓመቱ ነው። ቫለሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለችው።