የመቅኔ ንቅለ ተከላ ፈር ቀዳጅ ዶክተር ዶናል ቶማስ

እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በደም ካንሰር ወይም በሉኪሚያ መያዝ ከሞት ፍርድ ተለይቶ የማይታይ ነበር። በወቅቱ የነበሩት መድኃኒቶች ለጥቂት ወራት ፋታ ከመስጠት አልፈው በሽታውን ከሥሩ ሊነቅሉት አልቻሉም። ይህን ታሪክ በመለወጥ ረገድ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሳው ሳይንቲስቶች መካከል አሜሪካዊው የደም ሕክምና ባለሙያ ዶክተር ኤድዋርድ ዶናል ቶማስ አንዱ ናቸው።

ዶክተር ቶማስ እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1920 በቴክሳስ ግዛት ማርት በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንተው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በ1943 ካገኙ በኋላ፣ በ1946 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በዶክተርነት ተመርቀዋል። በ1942 ያገቧቸው የጋዜጠኝነት ተማሪዋ ዶሮቲ ማርቲን ሙያቸውን ለውጠው በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት በመሠልጠን የባለቤታቸው የዕድሜ ልክ የሥራ ባልደረባ ሆነዋል።

መቅኔ በአጥንት ውስጥ የሚገኝ የደም ፋብሪካ ነው። በውስጡ ያሉት ግንደ ሕዋሳት ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳትን ያለማቋረጥ ያመርታሉ። በሉኪሚያ የተያዘ ሰው መቅኔ ግን የታመሙ ነጭ የደም ሕዋሳትን ከመጠን በላይ ያመርታል። የዶክተር ቶማስ ሐሳብ የታመመውን መቅኔ በጨረርና በመድኃኒት አጥፍቶ ከጤነኛ ለጋሽ በተወሰደ መቅኔ መተካት ነበር። ከለጋሹ የተወሰደው መቅኔ በደም ሥር ሲሰጥ ግንደ ሕዋሳቱ ራሳቸው ወደ አጥንት ገብተው ደም ማምረት ይጀምራሉ።

ሐሳቡን በተግባር መተርጎም ግን እጅግ አዳጋች ነበር። ዶክተር ቶማስና ባልደረቦቻቸው በኒውዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን በሚገኝ ሆስፒታል መቅኔ ከሰጧቸውና ውጤታቸው በ1957 ይፋ ከተደረገው ስድስት ሕሙማን መካከል ከ100 ቀናት በላይ በሕይወት የቆየ አልነበረም። ከመንታ ወንድም ወይም እህት መቅኔ የተሰጣቸው ሕሙማን ለጊዜው ቢያገግሙም ካንሰሩ ተመልሶ አገርሽቶባቸዋል። በሌሎቹ ላይ ደግሞ የሕመምተኛው ሰውነት የለጋሹን መቅኔ ያስወግዳል፤ አለዚያም አዲሱ መቅኔ የሕመምተኛውን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል።

በዚህ ምክንያት በርካታ ተመራማሪዎች ዘርፉን ለቀው ወጡ። ዶክተር ቶማስ ግን በሰው ላይ የሚያደርጉትን ሙከራ ገትተው በውሾች ላይ ወደሚካሄድ ምርምር ተመለሱ። የለጋሹና የተቀባዩ የቲሹ ዓይነት የሚጣጣም ከሆነና ተገቢው መድኃኒት ከተሰጠ ንቅለ ተከላው ሊሳካ እንደሚችል በዓመታት ጥናት አረጋገጡ።

በ1963 ወደ ሲያትል ከተማ በመዛወር ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ያቀፈ ቡድን አደራጁ። በ1969ም የቲሹ ዓይነቱ ከሚጣጣም ወንድም ወይም እህት የተገኘ መቅኔ ለሉኪሚያ ሕመምተኛ መስጠት ጀመሩ። በ1977 ባወጡት ሪፖርት ሌላ ሕክምና ሁሉ ካልበጃቸው 100 የሉኪሚያ ሕሙማን መካከል 13ቱ ከበሽታው ነጻ ሆነው በሕይወት መኖራቸውን አመለከቱ። ቁጥሩ አነስተኛ ቢመስልም፣ ተስፋ የተቆረጠበት በሽታ ሊድን እንደሚችል ያሳየ ነበር። ንቅለ ተከላው በሽታው ሳይጸና ሲከናወን የሚድኑት ሕሙማን ቁጥር እንደሚጨምር በቀጣዮቹ ዓመታት ተረጋግጧል።

ዶክተር ቶማስ በ1990 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት ከዶክተር ጆሴፍ መሪ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ኦክቶበር 20 ቀን 2012 በ92 ዓመታቸው በሲያትል ሲያርፉ፣ በዓለም ዙሪያ የተከናወነው ንቅለ ተከላ አንድ ሚሊዮን ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። ባለቤታቸው ዶሮቲም በ2015 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ሕክምናው ዛሬም ያልተሻገራቸው ችግሮች አሉት። አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የሚጣጣም ለጋሽ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ሕሙማን ደግሞ ከዓለም አቀፍ የለጋሾች መዝገብ የሚመጥናቸውን የማግኘት ዕድላቸው ከአውሮፓውያን ዝርያዎች በእጅጉ ያነሰ ነው።

ከስድስቱ ሕሙማን ሞት እስከ 13ቱ መዳን ሃያ ዓመታት አልፈዋል። በሲያትል የተካሄደው ሥራ በአብዛኛው በአገሪቱ መንግሥት የምርምር ገንዘብ የተደገፈ ነበር። የዶክተር ቶማስ የሕይወት ታሪክ፣ ለምርምር የሚመደብ የሕዝብ ሀብት ፍሬው በአንድ የበጀት ዓመት ባይታይም በጽናት ከተያዘ ሕይወት እንደሚታደግ ሕያው ምስክር ነው።